መጋዝ ያላወጣው ሰጋቱራ

አጣቢዋ ከሥራ ስትመለስ መጀመሪያ የምታየው የባሏን ፊት ሳይሆን ወለሉን ነበር። ቦርሳዋን ከበሩ ጀርባ ታንጠለጥላለች፣ ያበጠ እግሯን ከጫማው ታወጣለች፣ "እንዴት ዋልክ?" ትላለች፤ መልሱን ሳትሰማ ዓይኗ ወደ አልጋው ራስጌ፣ ወደ መስኮቱ ሥር ይወርዳል። አለ። አንድ እፍኝ የማይሞላ፣ የደቀቀ፣ ፈዘዝ ያለ ሰጋቱራ። ትናንት ጠርጋዋለች፤ ዛሬም አለ።

ባሏ አናጢ ነው። በአናጢ ቤት ሰጋቱራ ብርቅ አይደለም። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ውስጥ በጨው ዕቃው ውስጥ አግኝታዋለች፣ በልጇ ጠጉር ውስጥ አግኝታዋለች፣ አንዴም ከሠርግ ፎቶዋ መስታወት ሥር አግኝታ እንዴት እንደገባ እስካሁን አልገባትም። እሷ ልብስህን ደጅ አራግፈህ ግባ እያለች፣ እሱ እሺ እያለ ሳያራግፍ እየገባ ነው የኖሩት። አሁን ግን ነገሩ ሌላ ነው። አናጢው ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ቀኝ ክንዱ ከተሰበረ አምስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ከመዳፉ እስከ ክርኑ በላይ በጄሶ ታስሮ፣ በጨርቅ ከአንገቱ ተንጠልጥሎ፣ ቀኑን ሙሉ በዚያ መስኮት ሥር ይተኛል። ሐኪሙ ሁለቱንም አስቀምጦ ነግሯቸዋል፤ ሁለት ወር ሙሉ በዚህ እጅ ማንኪያ እንኳ እንዳይነሳ። አጥንቱ ከቦታው ከተንሸራተተ ከእንግዲህ መላጊያ የሚባል ነገር አይጨብጥም።

ታዲያ ይሄ ሰጋቱራ ከየት መጣ?

"ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር" ይባላል፤ እሷም ጠረጠረች። ባሏን ታውቀዋለች። አንድ ጊዜ ትኩሳት ጥሎት ተኛ ስትለው፣ ተነስቶ የጎረቤት በር ሲልግ የተገኘ ሰው ነው። እጁ ሥራ ሲፈታ አፉ ይመርራል፣ እንቅልፉ ይጠፋል። እሷ ጠዋት ወጥታ እስክትመለስ ደግሞ ጓሮ ባለችው የሥራ ክፍሉ ማን ያየዋል? ልጃቸው ትምህርት ቤት ናት። ነጠላ ጫማውን ገልብጣ ብታየው ሰጋቱራ ተለጥፎበታል። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ያስፈልጋል?

ግን አልተናገረችውም። ብትናገረው ይክዳል፤ ከካደ ትናደዳለች፤ ለመናደድ ደግሞ ጉልበት ይጠይቃል። ጉልበቱ የላትም። በክሊኒኩ የልብስ እጥበት ክፍል ውስጥ ከሠራች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሥራሽ ምንድን ነው ሲሏት "የሰው ሕመም አጥባለሁ" ትላለች፤ ቀልድ ነበር ድሮ፣ አሁን እንዲያው መልስ ሆኗል። አንሶላ፣ የሕሙማን ጋውን፣ መጋረጃ፤ እርጥብ ሲሆን ሁሉም የሬሳ ያህል ይከብዳል። በረኪናው የጣቶቿን ጫፍ ልጦታል። ባሏ ከወደቀ ወዲህ በወሊድ ፈቃድ የወጣችን የሥራ ባልደረባዋን ተራም ደርባ ይዛለች። ቤት ስትገባ ወገቧ የእሷ አይመስላትም፤ ከሰው የተዋሰችው፣ መመለሻው ቀን ያለፈበት ወገብ ነው የሚመስላት።

በስድስተኛው ሳምንት መባቻ ግን ነገሩ ከሆዷ ሞልቶ ፈሰሰ። በአፏ አይደለም የፈሰሰው። አናጢው አሸልቦት ሳለ የመሣሪያ ሣጥኑን በሁለት እጇ ታቅፋ፣ መንገዱን ተሻግራ ወደ ሽቦ ሱቅ ወሰደችው።

ሽቦ እነሱ ፊት ለፊት የሚሠራው ሌላው አናጢ ነው። ከቅጥነቱ የተነሳ ሽቦ ብለው ሰየሙት፤ እሱም ተቀበለው። ከባሏ ጋር አንድ ጌታ ሥር ነው ሙያውን የተማሩት። ከዚያ ወዲህ አንዱ የሌላውን ሥራ ሲያይ አንገቱን ይነቀንቃል፤ አንዱ ሲታመም ግን ሌላው መጀመሪያ ይደርሳል። ሣጥኑን አስቀምጥልኝ፣ ቢጠይቅህም እንዳትሰጠው አለችው። ሽቦ ምን አደረገ ብሎ ጠየቃት። ተደብቆ እየሠራ ነው አለችው። ሽቦም ይሄማ የሱ ነገር ነው ብሎ ሣጥኑን ከጠረጴዛው ሥር ገፋው።

ማታውን አናጢው ነገሩን አወቀ። አልጮኸም። "ጠይቀሽኝ ነበር?" አላት ብቻ፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ። ሳምንቱን ሙሉ ሆድና ጀርባ ሆነው ከረሙ። ልጃቸው በመካከላቸው ተመላላሽ ሆነች፤ "አባዬ ጨው አቀብይኝ ይላል"፣ "እማ ራሱ ይነሳ ትላለች" እያለች። በሦስተኛው ቀን ከዚህስ ደብዳቤ ብትጻጻፉ ይሻላል አለቻቸው።

ሰጋቱራው ግን መምጣቱን አላቆመም። የመሣሪያ ሣጥኑ መንገዱን ተሻግሮ ተቀምጦ፣ ሰጋቱራው እዚያው ቦታ፣ በዚያው መጠን፣ እንደ ደመወዝተኛ ሰዓቱን ጠብቆ ይገኛል።

የዕረፍት ቀኗ ነበር። እየጠረገች ሳለ ወገቧ እንቢ አላትና እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። መነሳት አልፈለገችም። አናጢው ከጀርባዋ አልጋው ላይ ኮርኒሱን እያየ ተጋድሟል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን ክምር ቆማ ሳይሆን በዓይኗ ትክክል አየችው። ተበትኖ አልነበረም፤ እንደ ትንሽ ጉልላት ተቆልሎ ነበር። እጁ የተሰበረ ሰው ሲሠራ የሚወድቅ ሰጋቱራ ይበተናል እንጂ እንዴት አንድ ቦታ ይቆለላል? አሮጌ የደብተር ወረቀት አምጥታ ጥቂት ዛቀችበትና ደረቱ ላይ አስቀመጠችለት።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለችው፤ ከሳምንት ወዲህ የመጀመሪያዋ ቀጥተኛ ቃል ነበረች።

"ሰጋቱራ።"

"የማን?"

"እዚያ የተሰቀለው የሥራ ልብሴ ያራግፋል መሰለኝ" አለ ወደ መስኮቱ ዳር ሚስማር በአገጩ እያመለከተ። "አንቺ ደግሞ ተደብቄ ስሠራ የያዝሽኝ መስሎሽ ሣጥኔን አሳሰርሽው።"

እሷ ልብሱ ከታጠበ አንድ ወር ሆኖታል አለችው። ያኔ መነጽሩን በግራ እጁ አደረገና ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አቀረበ። ሠላሳ ዓመት ሰጋቱራ ላይ የኖረ ሰው ሰጋቱራ አያይም፤ አሁን ግን አየ። በጣቱ አሸው። መጋዝ የሚጥለው ዱቄት ፍሬው ጥግ ጥግ አለው፤ መላጊያ ደግሞ ጥቅል ያወጣል። ይሄ ከሁለቱም አይደለም፤ የታኘከ ነው፣ ክር ክር ይላል። በክብሪት እንጨት ጠርጎ ጠርጎ አንድ ጥቁር ነገር ለየ። ቀጥሎ ሌላ። ግማሽ የጉንዳን ራስ ነበር።

"አንቺ ሴትዮ" አላት ቀስ ብሎ፣ "የኔ መጋዝ እግር የለውም።"

አልሳቀችም። በአንድ ጊዜ ያየቻቸው ነገሮች ሁሉ ተሰልፈው መጡባት። ማታ ማታ በዕቃ ማጠቢያው ጠርዝ ላይ ብቻቸውን የሚንጎራደዱት ትልልቅ ጥቁር ጉንዳኖች። ዝናቡ ሲጀምር መስኮቱ መስታወት ላይ ከውስጥ በኩል ተለጥፈው ያገኘቻቸው ባለ ክንፎች፤ በጨርቅ ጠርጋ ጥላቸዋለች፣ ለማንም አልነገረችም። ከደጅ የገቡ መስሏት ነበር። ከደጅ የገባ እኮ አንድ ሁለት ቢሆን ነው፤ በአንድ ጊዜ ያን ያህል ሆኖ መስታወት ላይ የሚለጠፍ እዚሁ የተፈለፈለ ነው። ልጇ ደግሞ ስኳሩን ወረሩት ብላ በፍሊት ስታርከፈክፍባቸው ነበር። ሁሉም ነገር ዓይኗ ሥር ነበር፤ የመደመሪያ ጊዜ ነው የጠፋው።

አልጋውን አብረው ገፉት፤ እሱ በዳሌው፣ እሷ በቀረው ወገቧ። የመስኮቱን መቃን ከላይ እስከ ታች በማንኪያ እጀታ አንኳኪ አላት። ከላይ ደንደን ያለ ድምፅ ሰጠ። ወደ ታች ስትወርድ፣ ጣሪያውን ከሚሸከመው ቋሚ ጋር በሚገናኝበት ጥግ፣ ድምፁ ባዶ ሆነ፤ እንደ ባዶ ቅል። ጆሮሽን ለጥፊበት አላት። ለጠፈች። ውስጡ ተንኮሻኮሸ፤ ደረቅ ወረቀት በሩቅ ሲጨመደድ የሚሰማው ዓይነት። ቀለሙ ከላይ ምንም አልሆነም፤ እሷ ራሷ ናት የቀባችው። በማንኪያው ጫፍ ገፋ ስታደርገው ግን እንጨቱ እንደ ዳቦ ገባ።

ምስጥ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። አይደለም አላት። ምስጥ ቢሆን የጭቃ መንገዱን ግድግዳው ላይ እየሠራ ይመጣ ነበር፤ ምስጥ እንጨቱን ይበላዋል፣ የበላውንም አይጥልም። ይሄኛው ጉንዳን እንጨት አይበላም። ቤት ነው የሚሠራበት፤ ሰርስሮ ክፍል ያወጣና ፍርፋሪውን በመስኮት ይደፋዋል። ወገቡንም ተመልከቺ፣ ቀጭን ነው፤ ምስጥ ወገብ የለውም። ደረቅ እንጨት ደግሞ አይመርጥም፣ የራሰ ነው የሚፈልገው። ይህን ሲል ድምፁ ወረደ፤ ምክንያቱም ከዚያ መስኮት በላይ ምን እንዳለ ሁለቱም ያውቃሉ። አሸንዳው ነው። ሁለት ክረምት ሙሉ መጋጠሚያው ላይ ያንጠባጥባል፤ ሁለት ክረምት ሙሉ እሷ ጠግነው ስትለው እሱ ነገ ብሏል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውን እሱ ለደንበኞቹ ነው የሚመክረው።

አመሻሹ ላይ፣ ጉንዳኖቹ በሚወጡበት ሰዓት፣ በክዳን ላይ ትንሽ ማር አድርጋ መስኮቱ ሥር አስቀመጠች። የቀመሰው ወዴት እንደሚመለስ ለማየት ነው። አንዳንዶቹ ወደ መቃኑ ገቡ። የሚበዙት ግን በስንጥቁ ወጥተው በውጭው ግድግዳ ወረዱ። የእጅ ባትሪ ይዛ ተከተለቻቸው። ባሏ አንድ ቀን ይጠቅማል እያለ ከግድግዳው ጋር አስጠግቶ በቆለለው የእንጨት ቁርጥራጭ ሥር ጠፉ። የአሸንዳው ጠብታ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ከታች ያለው ግንድ በስብሶ እንደ ስፖንጅ ሆኗል። ዋናው ቤታቸው እዚያ ነው፤ መቃኑ ቅርንጫፍ ነው። ለአሥር ዓመት ያጠራቀመው እንጨት ለጉንዳን ነበር ያጠራቀመው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

በማግሥቱ ክሊኒኩ መድኃኒት ቤት ላለችው ሴት ነገረቻት። እሷም ፍሊቱን ተዉት አለቻት፤ ደጅ የወጡትን ይገድላል፣ የቀሩትን ይበትናቸዋል፣ እናቲቱ ግን ውስጥ ተቀምጣ ሌላ ትወልዳለች። ይልቅ ቦሪክ አሲድ ከሚባለው ነጭ የመድኃኒት ቤት ዱቄት በጣም ጥቂት፣ በስኳር ውሃ አቅጥነሽ በክዳን አስቀምጪ። ብዙ ካደረግሽ መንገድ ላይ ይሞታሉ፤ ጥቂት ከሆነ ተሸክመው ገብተው ለእናታቸው ያጎርሷታል። ሁለት ሦስት ሳምንት ታገሺ፣ ልጅና ምግብ በማይደርስበት አድርጊው፣ እጅሽንም ታጠቢ አለቻት። "እትዬ፣ ትዕግሥት ነው መድኃኒቱ" ስትላት፣ አጣቢዋ እሱማ አልቆብኛል፣ ሌላ ቢኖርሽ ነበር የሚሻለው አለቻት። ያንኑ ማታ ግን የስኳሩን ውሃ በክዳኖች አድርጋ መስኮቱ ሥር አኖረች።

አናጢው ግን ትዕግሥት አልነበረውም። ጉንዳኑ አይደለም እንቅልፍ የነሳው። ይሄንን ቤት ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው እኔ ነኝ የሠራሁት እያለ ለመንገደኛ ሁሉ ሲያሳይ የኖረ ሰው ነው። ሽቦን እንጥራው፣ ቋሚውን ይደግፍልን ስትለው አልሰማም። ሽቦ ካየ ሰፈሩ አየ። ቤቱን ጉንዳን የጨረሰው አናጢ ሲባል ማን በሩን ያሠራኛል አላት። ጄሶዬ እስኪፈታ ይቆይ፣ እኔው እሠራዋለሁ። ዝናቡ ደግሞ አልቆመም።

ከሁለት ቀን በኋላ ክሊኒኩ ውሃ ጠፋና እነ አጣቢዋን በእኩለ ቀን አሰናበቷቸው። በሩን ስትከፍት ባሏ መስኮቱ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። መሣሪያ ስለሌለው የወጥ ቤቷን ቢላዋ በግራ እጁ ይዞ የበሰበሰውን እየፈለፈለ ነው። ከአንገቱ የተንጠለጠለው ጨርቅ አልጋው ላይ ተጥሏል። ከጄሶው ጫፍ የወጡት የቀኝ እጁ ጣቶች የላይኛውን እንጨት ደግፈው ነጭ እስኪሆኑ ጨምቀዋል። ከተከፈተው ጥግ ጉንዳኖች እንቁላላቸውን አፋቸው ይዘው እየተራወጡ ነው። ልብሱ ላይ፣ ጄሶው ላይ፣ አንገቱ ላይ።

በሩ ላይ ቆማ ቀረች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ይሄን ሁሉ ሳምንት በሐሰት ጠርጥሬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ" አለችው። "ዛሬ ግን እውነት አደረግከው። ስማኝ። ሦስት ነገር ተሸክሜአለሁ፤ ሥራውን፣ ይሄን ቤትና ያንተን እፍረት። ሥራውን አልጥልም። ቤቱንም አልጥልም። ሦስተኛው ግን ያንተ ነው፤ ከላዬ ላይ አውርደው።"

አናጢው አንድ ጉንዳን ከአንገቱ ላይ አንስቶ ጣለ። ከዚያ ቢላዋውን መስኮቱ ላይ አኑሮ፣ በርጩማውን በግራ እጁ ተመርኩዞ ተነሳ። ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰሪልኝ ብሎ ጀርባውን ሰጣት። አሰረችለት። እሱም ያንን ነጠላ ጫማ አድርጎ ወጣ።

በሩ ክፍት ነበር፤ ከተቀመጠችበት ታየዋለች። መንገዱን ተሻገረ። ሽቦ ሱቅ ደጃፍ ቆመ። ሽቦ ቀና አለ። አናጢው በግራ እጁ እያመለከተ፣ መጀመሪያ ወደ አሸንዳው፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ፣ ከዚያ ወደ ክምሩ፣ ረዘም አድርጎ ተናገረ። ምን እንዳለ አልሰማችም። ሽቦ ጭንቅላቱን ሲነቀንቅ፣ ቀጥሎም ከጠረጴዛው ሥር ሣጥኑን ሲጎትት አየች።

ሽቦ ሣጥኑን ትከሻው ላይ አድርጎ ገባ። ጥጉን አየ፣ በጥፍሩ ፈቀፈቀ፣ ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ። "እኔ እኮ ሙያውን ለሰው አያስተምርም ሲሉህ እከራከርልህ ነበር" አለው። "ለካ ለጉንዳን ስታስተምር ነው።" ከዚያ ቀልዱን ትቶ ቋሚው አጠገብ ወፍራም እንጨት ገትሮ ጣሪያውን ደገፈ፤ ስኳሩ ሥራውን እስኪጨርስ መቃኑን እንዳይነካኩ አዘዛቸው። አሸንዳውን ግን በዚያው ቀን በላሜራ ጠግኖ ወረደ። የበሰበሰውን ክምር እሱና ልጃቸው ከግድግዳው አርቀው በጋሪ አውጥተው፣ ሰፈሩ ጫፍ ወስደው አቃጠሉት።

አጣቢዋ በማግሥቱ ባሏን ሐኪሙ ዘንድ ወሰደችው። በራጅ አዩት። አጥንቱ ለጥቂት ነበር፤ ከቦታው አልሄደም። ሐኪሙ ሁለት ሳምንት ጨመረበት፤ አናጢው ያንን ፍርድ እንደ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

የፈራው አልቀረለትም፣ ወሬው ወጣ። መንገድ ላይ "ጉንዳኖቹ ደህና ናቸው?" የሚለው በዛ። አንድ በር ሊያሠራ ያዘዘ ሰውም ሥራውን ወደ ሽቦ አዞረ። ሽቦ ራሱ መጥቶ ነገረው፤ ካልነገርኩህ ከሌላ ትሰማለህ ብሎ። አናጢው ተናደደ፤ ከዚያ የበሩ እንጨት የራሰ እንዳይሆን ተጠንቀቅ አለው። ሌላ የሚለው አልነበረውም።

ክዳኖቹ ላይ የሚመጡት ጉንዳኖች መጀመሪያ በዙ፣ አጣቢዋም ፈራች። በሁለተኛው ሳምንት ሳሱ። ቀጥሎ አንድ ሁለት እየተንገዳገዱ ይመጡ ጀመር። ሽቦ መቃኑን በመዶሻ ቢመታው የሚንኮሻኮሽ የለም። ቅዳሜ ጠዋት መጣና መቃኑን አውጥቶ፣ የቋሚውን እግር ቆርጦ በደረቅ እንጨት ተካው። ውስጡ ሲከፈት ልጃቸው ጎንበስ ብላ አየችና ሳታስበው ያምራል አለች። እውነትም ያምር ነበር፤ ፎቅ በፎቅ፣ አዳራሽ በአዳራሽ፣ በብርጭቆ ወረቀት የተፈተገ ያህል የለሰለሰ። አናጢው ገልበጥ አድርጎ በተቀመጠበት ባልዲ ላይ ሆኖ ቁራጩን በግራ እጁ ተቀበለና ብዙ አየው።

ከዚያ ወዲያ አፉ አላረፈም። ሚስማሩ ቀረበ፣ ጠርዙ ተዛነፈ፣ እንጨቱን ሳታስገባ በፊት ቀለም አጠጣው እያለ ሽቦን ቁም ስቅሉን አሳየው። ሽቦም በስተመጨረሻ መዶሻውን አውርዶ፣ ያ ሐኪም አፍህንም በጄሶ ቢያስረው ምን ነበረበት አለው።

ቀኑ የአጣቢዋ ነበር፤ ሥራ የለባትም። ለሠራተኛው ምሳ አዘጋጃለሁ ብላ ጠረጴዛው ላይ ሽንኩርት መላጥ ጀምራለች። ሁለተኛውን ሽንኩርት ስትልጥ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ ጭንቅላቷን በክንዷ ላይ አደረገች፤ ለአንድ ደቂቃ ነው ብላ። ሁለት ወንዶች ቤቷን እየቀጠቀጡ፣ አንዱ እየሠራ አንዱ እየተጨቃጨቀ፣ እሷ የምትይዘው አንድም ነገር አልነበረም። እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

"ቀስ በል እንጂ" ሲል የባሏ ድምፅ ከሩቅ መጣላት፣ "ተኝታለች እኮ።"

"ታዲያ ምን ላድርግ" አለ ሽቦ፣ "ሚስማር በሹክሹክታ አይመታም።"

መታውም። አጣቢዋ ሰማችው፤ ግን አልተነሳችም።